በጾም ቀን የማይቆም ተቅማጥ

ስለ ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢዎችና ዕጢውን ለይቶ ስለሚያክም የጨረር መድኃኒት ድሬዳዋ ላይ ለጤና ባለሙያዎች፣ ለሕክምና ተማሪዎችና ለታማሚ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ

እንደምን አመሻችሁ። የድሬ ሙቀት ገና ሳይበርድ እዚህ ድረስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ታማሚ ይዛችሁ ከሆስፒታል ሆስፒታል ስትንከራተቱ የከረማችሁ ቤተሰቦች በመካከላችን ስላላችሁ፣ ነገሩን በተቻለኝ መጠን በግልጽ አማርኛ አቀርበዋለሁ። ባለሙያዎቹ ይህን ትረዱልኛላችሁ።

በእኛ አካባቢ ተቅማጥ የያዘው ሰው ጤና ጣቢያ ሲመጣ ሰገራው ይመረመራል፤ አሜባ ወይም ጃርዲያ ይባላል፤ መድኃኒቱን ተቀብሎ ይሄዳል። አብዛኛው ሰው በዚሁ ይድናልና አሠራሩን አልነቅፍም። እኔ የመጣሁት ስለማይድነው ሰው ለመናገር ነው። ያንኑ መድኃኒት ደጋግሞ ወስዶ ለውጥ ስላጣው፣ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ሌሊት ከእንቅልፉ ስለሚቀሰቅሰው፣ ፊቱንና አንገቱን በድንገት ትኩሳት ወርሮት ከደቂቃዎች በኋላ ስለሚለቀው ሰው። እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥማችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፤ በጾም ቀንስ ያስቀምጥሃል?

የበላነው ነገር ያመጣው ተቅማጥ መብላት ስናቆም ይቀንሳል። ከዕጢ የሚመነጭ ሆርሞን አንጀትን እያስገደደ ውሃ ሲያስፈስሰው ግን ምግብ ቢኖርም ባይኖርም ለውጥ የለውም። ረመዳን ይሁን ዐቢይ ጾም ያው ነው። የላቦራቶሪ ዕቃ፣ ገንዘብና የሪፈር ወረቀት የማይጠይቅ ምርመራ ነው፤ በዚህ ከተማ ደግሞ ጾም ምን እንደሆነ ለማስረዳት ማንም አይቸገርም።

በሕመሙ ልጀምር። በሰውነታችን ውስጥ፣ በተለይ በአንጀት፣ በቆሽትና በሳንባ፣ ተበታትነው የሚኖሩ፣ ከነርቭ መልእክት ተቀብለው ሆርሞን የሚያመነጩ ሕዋሶች አሉ። ኒውሮኢንዶክራይን ይባላሉ። ከእነዚህ የሚነሡትን ዕጢዎች ከተለመደው የአንጀት ካንሰር ለይቶ በ1907 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራቸው) የገለጻቸው ዚግፍሪድ ኦበርንዶርፈር የተባለ ጀርመናዊ የፓቶሎጂ ሐኪም ነው። ቀስ ብለው ስለሚያድጉ መጀመሪያ ላይ ጉዳት የማያደርሱ መስለውት ነበር፤ ሊሰራጩ እንደሚችሉ የተረጋገጠው በኋላ ነው። ዛሬም ሰውን የሚያታልለው ይኸው ቀስታቸው ነው። ታማሚው እየሠራ፣ እየነገደ፣ ልጅ እያሳደገ ለዓመታት ይኖራል፤ ዕጢው በዚያው ጊዜ ወደ ጉበት ይሻገራል።

ብርቅ ሕመም ነው፤ ሆኖም የምናስበውን ያህል አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ1973 ከ100,000 ሰው በዓመት አንድ ገደማ ብቻ ይገኝበት ነበር፤ በ2012 ቁጥሩ ወደ 7 ደርሷል። ጭማሪው በከፊልም ቢሆን የመጣው ምርመራው ስለተሻሻለና ሐኪሞች መፈለግ ስለጀመሩ ነው። እኛ ዘንድ ያልታየው የሌለ ይመስለናል።

ለምን አይታየንም? አንደኛው ምክንያት የመማሪያ መጻሕፍቱ ናቸው። «ፊቱ ይቀላል» ብለው የነጭ ሰው ፎቶግራፍ ያሳያሉ። የእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ በግልጽ ስለማይታይ ምልክቱን ማግኘት የምንችለው ከታማሚው አንደበት ነው። ድሬዳዋ ላይ ሆኖ «ትኩሳት ይወርረኛል» የሚል ሰው ደግሞ «ታዲያ ማንን የማይሞቀው አለ?» ይባላል። ዕድሜያቸው ሃምሳ የተጠጋ ሴቶች ከሆኑ ማረጥ ነው ይባላሉ። ትንፋሹ ሲያፍነው አስም ይባላል። ሆርሞኑ የልብን የቀኝ በሮች ሲያደነድን የሩማቲክ ልብ ሕመም ይባላል፤ ያ ሕመም በአገራችን ብዙ ነውና። በዚህ ላይ ተማሪዎች ልብ በሉ፤ ሩማቲክ በአብዛኛው የሚጎዳው የግራውን በር ነው። የቀኙ በር ብቻውን ደንድኖ፣ ጉበት ላይ ዕጢ ታይቶ፣ ተቅማጥም ካለ፣ ሦስቱን በሦስት ካርድ ከፍሎ ማከም ይብቃ።

ስማቸውን የማልጠራቸው አንዲት እናት አሉ፤ ቅመም ነጋዴ ነበሩ። ልጃቸው ይዟቸው ሲመጣ በፌስታል ሙሉ የመድኃኒት ካርቶን ተሸክሞ ነበር። የጾሙን ጥያቄ ስጠይቃቸው፣ «ወላሂ ልጄ፣ በረመዳንም አላረፍኩ። ምራቄን እንኳ ሳልውጥ ውዬ ያስቀምጠኛል። ሰው ፊት መቀመጥ አፍሬ ሱቄን ለልጆች ተውኩ» አሉኝ። ከዚያ በፊት አንጀታቸው ተዘግቶ በሌላ ቦታ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል። የወጣው ሥጋ ምን እንደሆነ ግን ማንም አላስመረመረውም፤ ተጥሏል። በሽታውን ለማወቅ ሌላ ናሙና ከጉበታቸው እንደ ገና መውሰድ ነበረብን። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው።

ወደ ሕክምናው ልሻገር፤ እንቅርት ካነሣሁ አይቀርም ከዚያው ልነሣ። በሐረርጌ ደጋ ያደገ ሰው እንቅርትን ያውቃል። የታይሮይድ ዕጢ አዮዲን ይፈልጋል፤ ሲያጣ ያብጣል። ይህንኑ ፍላጎቱን ተጠቅሞ ሳውል ኸርትዝ የተባለ ሐኪም በ1941 ቦስተን ውስጥ ታይሮይዷ ከልክ በላይ ለሚሠራ ታማሚ ጨረር ያለው አዮዲን አጠጣ። ጨረሩ ወደ ሌላ ቦታ ብዙም ሳይሄድ ዕጢው ራሱ ስቦ አስገባው። ጨረርን ከውጭ ከማነጣጠር ይልቅ ሕዋሱ በሚወደው ነገር ላይ ጭኖ ማስገባት የሚለው አስተሳሰብ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አለ። ለሌሎቹ ዕጢዎች ግን «የሚወዱት ነገር ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ለብዙ ዘመን መልስ አላገኘም።

ለኒውሮኢንዶክራይን ዕጢዎች መልሱ የተገኘው ሌላ ነገር ሲፈለግ ነው። በ1973 ካሊፎርኒያ ውስጥ የሮዤ ጊዬማን ቤተ ሙከራ የእድገት ሆርሞንን የሚያነሣሣ ንጥረ ነገር እየፈለገ ሳለ የሚገታውን አገኘ፤ ሶማቶስታቲን ተባለ። ጊዬማን በ1977 የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት አንዱ ነው። ይህ ሆርሞን ብዙ ዓይነት ሆርሞን አመንጪ ሕዋሶችን ዝም ያሰኛል። ችግሩ ደም ውስጥ ከሁለት ከሦስት ደቂቃ በላይ አይቆይም። ስለዚህ በ1980ዎቹ መጀመሪያ 14 አሚኖ አሲድ የነበረውን ወደ 8 አሳጥረው ቶሎ የማይፈርስ አምሳያ ሠሩለት፤ ዛሬ ኦክትሪዮታይድ ብለን የምንወጋው መድኃኒት ነው። ተቅማጡንና ትኩሳቱን ያስታግሳል፤ ዕጢውንም ለጊዜው ያዘገየዋል።

ከዚያም የሮተርዳሙ ኤሪክ ክረኒንግና ባልደረቦቹ መጡ። የኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ ሕዋስ በገጹ ላይ የሶማቶስታቲን መቀበያ በብዛት ያወጣል። በዚህ አምሳያ ላይ ጨረር ያለው ነገር ብንጭንበት መቀበያውን ፈልጎ አይሄድም ወይ? ብለው ጠየቁ። ሄደ። በ1989 ዕጢዎቹን በካሜራ ማየት እንደሚቻል አሳተሙ። እኔ በዚህ ሙያ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የምወደው ይህን ቦታ ነው፤ ምክንያቱም ማየት ከተቻለ፣ ለማየት ብቻ የሚበቃውን ደካማ ጨረር አውርዶ ሕዋስ የሚገድል ብርቱ ጨረር በቦታው መጫን የሚቀጥለው እርምጃ ነበር። ብዙ ሙከራ ካለፈ በኋላ የተመረጠው ሉቴሺየም 177 ነው።

ይህ ሉቴሺየም ሁለት ዓይነት ጨረር ይሰጣል። አንዱ ቤታ ነው፤ በሥጋ ውስጥ ቢበዛ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ተጉዞ ይቆማል። መድኃኒቱ መቀበያውን ይዞ ወደ ሕዋሱ ውስጥ ሲገባ፣ ጨረሩ ያንን ሕዋስና አጠገቡ ያሉትን ያቃጥላል፤ ራቅ ያለው ጤነኛ አካል ብዙም አይነካም። ሁለተኛው ጋማ ነው፤ ከሰውነት ይወጣል፤ ታማሚውን በማግስቱ ጋማ ካሜራ ሥር አስተኝተን መድኃኒቱ የት የት እንደ ደረሰ እናያለን። በኬሞቴራፒ ይህ የለም፤ ሰጥተን ወራት እንጠብቃለን እንጂ መድኃኒቱ ዕጢው ላይ ማረፉን በዓይናችን አናይም።

ስለዚህ የሕክምናው ሕግ ቀላል ነው፤ በምርመራው ያልታየ ዕጢ በዚህ መድኃኒት አይታከምም። በመጀመሪያ ደካማ ጨረር የያዘው አምሳያ ይሰጥና ፎቶ ይነሣል። ዕጢው ቢያንስ ከጤነኛው ጉበት የበለጠ መድመቅ አለበት። ካልደመቀ መቀበያው የለም ማለት ነው፤ ሉቴሺየሙን መስጠት ኩላሊትንና መቅኔን በከንቱ መጉዳት ይሆናል። አንዳንድ ቤተሰብ ቤቱን ሸጦም ቢሆን «ይሰጠው» ይላል። ፎቶው እንቢ ካለ ግን እኛም እንቢ ማለት አለብን።

ፎቶው የሚነሣበት መንገድ ለእኛ ትልቅ ጉዳይ ነው። በበለጸጉት አገሮች ምርጡ ጋሊየም 68 የሚባለው ሲሆን በፔት ካሜራ ይነሣል። ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ጨረሩ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ 68 ደቂቃ ብቻ ነው፤ በየሰዓቱ በግማሽ ገደማ ስለሚቀንስ ወደ ድሬዳዋ በአውሮፕላን ላምጣው ብትሉ ጭነትና ፍተሻው ሳያልቅ መድኃኒቱ ያልቃል። እዚያው ሆስፒታሉ ውስጥ የሚያመነጨው መሣሪያ ያስፈልጋል። ነገር ግን በቴክኒሺየም 99ኤም የሚሠራ ተመሳሳይ ምርመራ አለ፤ ግማሽ ዕድሜው 6 ሰዓት ነው፤ በተለመደው ጋማ ካሜራ ይነሣል፤ ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው። ትንንሾቹን ዕጢዎች ሊስት ይችላል። ሰውየው ለሕክምናው ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለውን ለመመለስ ግን በብዙ አገር ያገለግላል። የሌለንን ፔት እያልን ከምንቆዝም ይህን እንያዝ ባይ ነኝ። ሉቴሺየም ራሱ ግማሽ ዕድሜው ስድስት ቀን ተኩል ያህል ነው፤ ተዘጋጅቶ የሚላከው መድኃኒት ከተለካበት ሰዓት አንስቶ 72 ሰዓት ያገለግላል። ይህ ሰፊ የአየር መንገድ መረብ ላላት አገር የማይደረስበት ርቀት አይደለም።

አሁን የሕክምናውን ቀን ላሳያችሁ፤ ቤተሰብ ከሁሉ በላይ የሚፈራው ይህን ነውና። ወር በወር የሚወጋው ኦክትሪዮታይድ ከአራት ሳምንት በፊት ይቆማል፤ ያለዚያ መቀበያዎቹን ቀድሞ ይይዛቸዋል። ጠዋት ታማሚው አልጋ ላይ ሆኖ መጀመሪያ የሚንጠለጠልለት ጨረር የሌለው ከረጢት ነው። ውስጡ ላይሲንና አርጅኒን የሚባሉ አሚኖ አሲዶች አሉ። መድኃኒቱ በኩላሊት ሲጣራ ኩላሊቱ መልሶ ሊያስገባው ይሞክራል፤ እነዚህ አሚኖ አሲዶች ቦታውን ቀድመው ይዘው ያሳልፉታል። ኩላሊት የሚድነው በዚህ ብልሃት ነው። በዕለቱ የሚያቅለሸልሸውና የሚያስመልሰውም በአብዛኛው ይኸው ከረጢት ነው እንጂ ሉቴሺየሙ አይደለም። ታማሚዎች ይህን አስቀድመው ካወቁ ድንጋጤያቸው ይቀንሳል። ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ በእርሳስ መያዣ የተሸፈነ ትንሽ ጠርሙስ ይመጣል፤ ውስጡ ውሃ የመሰለ፣ ቀለም የሌለው ፈሳሽ ነው። በግማሽ ሰዓት ገደማ ይገባል። አያቃጥልም፤ አያምም። አሚኖ አሲዱ ከዚያ በኋላም ለሦስት ሰዓት ያህል ይቀጥላል። ነርሷ ከመጋረጃው ባሻገር ሆና ታነጋግራለች፤ ስትቀርብም ቶሎ ሠርታ ትመለሳለች። ታማሚውን ጠልታ አይደለም፤ እሷ ይህን ሥራ በየጊዜው ስለምትሠራ ጨረሩ እንዳይደራረብባት ነው። ይህም አስቀድሞ ይነገር፤ ሰው የሸሸው የመሰለው ታማሚ ልቡ ይሰበራል።

ይህ በየስምንት ሳምንቱ፣ በጠቅላላው አራት ጊዜ ይደገማል። በየመካከሉ ደም ይመረመራል፤ ነጭ የደም ሕዋስና ደም እንዲረጋ የሚረዳው ፕላትሌት ሊወርዱ ይችላሉና።

ውጤቱስ? በ2017 የታተመው ኔተር 1 የተባለው ጥናት ዕጢያቸው ከትንሹ አንጀትና ከአካባቢው የተነሣ፣ ኦክትሪዮታይድ እየወሰዱ ሕመሙ የገፋባቸውን 229 ሰዎች በሁለት ከፈለ። አንዱ ወገን ሉቴሺየሙን፣ ሌላው እጥፍ መጠን ኦክትሪዮታይድ አገኘ። በ20ኛው ወር ላይ ሕመሙ ሳይገፋ የቆየው በመጀመሪያው ወገን 65 በመቶ፣ በሁለተኛው 11 በመቶ ገደማ ነበር። መድኃኒቱ አውሮፓ ውስጥ በዚያው ዓመት፣ አሜሪካ ውስጥ በጥር 2018 ተፈቀደ። በ2024 የወጣው ኔተር 2 ደግሞ ፈጠን ብሎ በሚያድገው ዓይነት ላይ ሕክምናው ገና ከጅምሩ ቢሰጥ ሕመሙ ሳይገፋ የሚቆይበት ጊዜ ከ8.5 ወር ወደ 22.8 ወር እንደሚረዝም አሳየ።

ተስፋውን ሳልቀንስ እውነቱንም ልንገራችሁ። በኔተር 1 ሉቴሺየሙን ካገኙት ዕጢው በግልጽ ያነሰላቸው ከመቶው 18ቱ ነበሩ፤ ለሌሎቹ ትርፉ ዕጢው ባለበት መቆሙ ነው። በዕድሜ በኩል የመጨረሻው ውጤት ሲወጣ አማካዩ 48 ወር ለ36 ወር ሆነ፤ ልዩነቱ ግን በስታቲስቲክስ ሚዛን በቂ አልነበረም። አንዱ ምክንያት ከሁለተኛው ወገን ብዙዎቹ በኋላ ያንኑ ሕክምና ማግኘታቸው ነው። ከመቶ ሁለት ያህሉን ደግሞ ከዓመታት በኋላ የመቅኔ ሕመም ሊያገኛቸው ይችላል። ስለዚህ ዕጢው ገና በአንድ ቦታ ሳለ ከተገኘ ምርጡ ሕክምና የቀዶ ሐኪሙ ቢላ ነው። ሉቴሺየም ለተሰራጨው፣ መቀበያ ላለው፣ ሕዋሱ መልኩን ላላጣው ነው። «ኒውሮኢንዶክራይን» ተብሎ ተጽፎም ሕዋሱ ፈጽሞ መልኩን ያጣ፣ በፍጥነት የሚባዛ ካርሲኖማ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው፤ ኬሞቴራፒ ነው።

ይህን የሚለየው ማን ነው? እዚህ ላይ ነው ዛሬ የመጣሁበት ጉዳይ። ከእኛ አካባቢ ይህን ሕክምና ሲያገኙ ያየኋቸው ታማሚዎች ወደ ሕንድ ወይም ወደ ሌላ አገር ወጥተው ነው። ወጪው ቤተሰብ ያራቁታል። ግን ከሄዱት ይልቅ የሚያንገበግቡኝ ለመሄድም ለመቅረትም መወሰን ያልቻሉት ናቸው፤ በእጃቸው ያለው ወረቀት «የጉበት ካንሰር» ብቻ ስለሚል። ሉቴሺየም ይግባልን ብለን ከመጮኻችን በፊት ዕጢው ኒውሮኢንዶክራይን መሆኑን የሚያሳዩት ክሮሞግራኒንና ሲናፕቶፊዚን የሚባሉት የሥጋ ማቅለሚያዎች፣ ከእነሱም ጋር የመባዛት ፍጥነቱን የሚለካው ኬአይ 67 በምሥራቁ አገራችን በቋሚነት እንዲኖሩ መጮኽ አለብን። ኬአይ 67 ከ3 በመቶ በታች፣ ከ3 እስከ 20፣ ከ20 በላይ፤ የታማሚው ዕጣ የሚወሰነው ከእነዚህ በየትኛው ላይ በመውደቁ ነው። ከጨረር መሣሪያ ጋር ሲነጻጸር የማቅለሚያ ወጪ ኢምንት ነው። ይህን ለማሟላት የኑክሌር ሪአክተር ባለቤት መሆን አያስፈልግም።

ቤተሰቦች፣ ከእናንተ የምፈልገው እነሆ። ከዘመዳችሁ ሰውነት ዕጢ ወጥቶ ከሆነ፣ ትርፍ አንጀትም ቢሆን፣ ምርመራ ተልኮ እንደሆነ ጠይቁ። ውጤቱ የተጻፈበትን ወረቀት ብቻ ሳይሆን ፓራፊን ብሎክ የሚባለውን በሰም የተያዘውን ሥጋ ጠይቁ፤ በክፍል ሙቀት ለዓመታት ይቆያልና ከድል ጮራም ይሁን ከሕይወት ፋና ሆስፒታል ወደ ጥቁር አንበሳ ስትላኩ፣ ውጭ አገርም ስትሄዱ፣ በእጃችሁ ይዛችሁት ሂዱ። ጥሬውን ሥጋ ማመላለስ ካስፈለገ በፎርማሊን ነው፤ በውሃ ወይም በጨው ውሃ የመጣ ናሙና ይበሰብሳል። የዕጢው ሆርሞን ቅሪት እንዲለካ የሃያ አራት ሰዓት ሽንት እንድታጠራቅሙ ከታዘዛችሁ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ቲማቲምና አናናስ አስቀድማችሁ አቁሙ፤ ዕጢ ባይኖርም ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። ለጨጓራ ብላችሁ ኦሜፕራዞል የምትወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት፤ የክሮሞግራኒንን የደም ምርመራ ያሳስታል። ይህን ባለማወቅ ሳይታመሙ ካንሰር ተብለው እንቅልፍ ያጡ ሰዎች አሉ።

ከሕክምናው በኋላ ቤት ውስጥ ስለሚደረገው ጥንቃቄ በጽሑፍ የቀረበ ጥያቄ ደርሶኛል፤ «አንድ መጸዳጃ ለአምስት አባወራ በሆነበት ግቢ እንዴት ይሆናል?» ይላል። የውጭዎቹ መመሪያዎች ሁለት ጊዜ ውሃ ልቀቅ ይላሉ፤ ቧንቧው በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ምክር ብቻውን አይበቃም። የሚረዳን ሌላ እውነት አለ። ወደ ሰውነት ከገባው መድኃኒት ከግማሽ በላዩ በመጀመሪያው 24 ሰዓት በሽንት ይወጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ የሚኖር ታማሚ ሕክምናውን በጨረሰበት ሆስፒታል ወይም በአጠገቡ አንድ ሁለት ቀን ቢቆይ ትልቁ ሸክም እዚያው ይቀራል። ወደ ቤት ሲመለስ ወንዱም ተቀምጦ ይሽና፣ እጅ በሳሙና ይታጠብ፣ ለተወሰኑ ቀናት ለብቻው ይተኛ፣ ሕፃናትንና ነፍሰ ጡርን ለረጅም ጊዜ አቅፎ ወይም ተጠግቶ አይቀመጥ፤ የቀኑን ብዛት ያከመው ክፍል ይነግረዋል። ምግቡን ከሌላው ጋር መብላት ይችላል። በሽታው አይተላለፍም፤ ጨረሩም በየሳምንቱ በግማሽ ያህል እየቀነሰ፣ ወር ሲሞላው ከሃያ አንድ እጅ ገደማ ይቀራል።

ቅመም ነጋዴዋ እናት አራቱንም ዙር ጨርሰዋል። ጉበታቸው ላይ ያለው ዕጢ አልጠፋም። ከሁለተኛው ዙር በኋላ በነበረው ረመዳን ግን ተራዊሕን ሳያቋርጡ መስገዳቸውን ልጃቸው ደውሎ ነገረኝ፤ ለእሳቸው የሕክምናው ውጤት የሚለካው በዚህ ነው።

በጽሑፍ የደረሱኝ ሌሎች ጥያቄዎችም አሉ፤ አብዛኞቹ ስለ ሪፈር ወረቀት አሞላል ናቸው። ባለሙያዎች፣ የዕጢው መነሻ፣ የኬአይ 67 ውጤት፣ የኩላሊትና የፕላትሌት ቁጥር፣ የመጨረሻው ኦክትሪዮታይድ የተወጋበት ቀን፤ እነዚህ አራቱ ያልተጻፉበት ወረቀት ታማሚውን ከመንገድ ይመልሰዋል። ቅጹን አብረን እንሙላው፤ አንድ አንድ ወረቀት ውሰዱ።